ኡሉሩ ሄደን መጣን፦ ድንጋዩ ላይ መውጣት ከተከለከለ በኋላ ያዋጣል ወይ ለምትሉ

ለቸኮለ ሰው መልሴን ላስቀድም፣ ያዋጣል። ኡሉሩ አውስትራሊያ መሀል በረሀው ላይ፣ ብሄራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ግዙፍ ቀይ ድንጋይ ነው፣ እላዩ ላይ መውጣት ስለተከለከለ ብዙ ሰው "ታዲያ እዛ ድረስ ሄደን ምን ልንሰራ ነው" ይላል፣ እኔ ደሞ አሁን ነው መሄድ ያለባችሁ ነው የምለው። ሪቪውዬ ረጅም ነው፣ ምክንያቱም የመሬቱን ባለቤትነት ጉዳይ ሳያነሱ እዚ ቦታ ላይ ያለውን አገልግሎት ጥሩ ነው መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፣ ቲኬቱም፣ ጋይዱም፣ ፎቶ አታንሱ የሚለው ምልክትም፣ የተዘጋው መንገድም ሁሉም የመጣው ከዛ ነው።

የሄድነው እኔና ታላቅ እህቴ ነን፣ ሜልበርን ነው የምንኖረው። እሷ በ2014 (በፈረንጆች ነው፣ ከዚ በኋላም የምጽፈው አመት ሁሉ እንደዛው ነው) ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር ሄዳ ወጥታዋለች፣ አናቱ ላይ እጇን ዘርግታ የተነሳችው ፎቶ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። እኔ ያኔ ከስራ ፈቃድ አጥቼ ቀረሁ። በኋላ ሊዘጋ ነው ሲባል በጣም ነበር የተናደድኩት፣ "ፓርክ የህዝብ ነው፣ ታክስ እንከፍላለን፣ ለምን አንድ ጎሳ ይከለክለናል" ከሚሉት ጋር ነበርኩ፣ በቡና ላይ ከሰው ጋር ተከራክሬበታለሁ። ያን ሀሳቤን ይዤ ነው የሄድኩት፣ ይዤው ግን አልተመለስኩም።

ጉዞውን ቶሎ ልለፈው። በአውሮፕላን ቀጥታ ዩላራ መግባት ይቻላል፣ ከድንጋዩ 20 ኪሎሜትር አካባቢ ላይ ያለች የቱሪስት መንደር ናት፣ እኛ ግን ቲኬቱ ስለተወደደብን አሊስ ስፕሪንግስ የምትባል ከተማ ወርደን በቱር ባስ ሄድን፣ 450 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ቀይ አፈርና ቁጥቋጦ ብቻ እያያችሁ ግማሽ ቀን ያልቃል። የፓርኩ መግቢያ ለአዋቂ ለሶስት ቀን 38 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር እኛ ስንሄድ፣ ከ18 አመት በታች በነጻ ነው። ከዛ ውስጥ 25 ፐርሰንቱ ለአናንጉ ነው የሚሄደው፣ አናንጉ ማለት የቦታው ባለቤቶች የሆኑት የፒትጃንትጃጃራና የያንኩኒትጃትጃራ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። ይቺን 25 ፐርሰንት ያዙልኝ።

ምክንያቱም ሾፌራችን (ጋይዳችንም እሱ ነው) ማይክ ይዞ ገና ከከተማ ሳንወጣ የጀመረው እሷን ይዞ ነው። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፣ ውሀ ጠጡ እያለ ሲንከባከበን ነው የዋለው፣ ግን ስለ መዘጋቱ ማማረር ሲጀምር ማቆሚያ የለውም፣ "መንግስት ድንጋዩን አሳልፎ ሰጠ፣ ቁጭ ብለው ገንዘብ ይቀበላሉ፣ እኛ ደንበኛ አጣን፣ አባቴ ወጥቶታል እኔም ወጥቼዋለሁ ልጄ ግን አይወጣውም" እያለ። ባሱ ውስጥ ግማሹ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቅንቄያለሁ። አሁን ሳስበው ከ38 ዶላር ላይ የሚደርሳቸው 9 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፣ የኛ የቱር ካምፓኒ ከአንድ ሰው የወሰደው ብር ግን የዛ ስንት እጥፍ እንደሆነ ባሱ ውስጥ ማንም አላነሳም። ለካምፓኒው ኮከብ የቀነስኩበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ሰው ቤት እንግዳ ይዘህ እየሄድክ መንገድ ላይ ባለቤቱን ማማት ነውር ነው።

አሁን "ተሰጠ" የሚለውን ነገር ላስረዳ ምክንያቱም እኔም ሳላውቅ ነበር የምከራከረው። በ1873 ዊሊያም ጎስ የሚባል መንገድ ቀያሽ መጥቶ አየውና በሳውዝ አውስትራሊያው ባለስልጣን በሄንሪ አየርስ ስም አየርስ ሮክ አለው፣ ሰዎቹ ግን ኡሉሩ ሲሉት የኖሩ ናቸው። በኋላ አካባቢው ለአቦርጅናል (ለአውስትራሊያ ነባር) ህዝብ ተብሎ ተከለለ፣ ከዛ ቱሪስት መምጣት ሲጀምር በ1958 ድንጋዩን ከክልሉ ቆርጠው አወጡና ብሄራዊ ፓርክ አደረጉት። ማለት ለናንተ ነው ብለው ከከለሉት መሬት ላይ ዋናውን ቦታ መልሰው ወሰዱት። በ1976 የመሬት መብት ህግ ወጣ፣ ሰዎቹ በ1979 ይገባናል ብለው ጠየቁ፣ ዳኛው አዎ የጥንት ባለቤቶች ናችሁ አለ፣ ግን ድንጋዩ ቀድሞ ፓርክ ስለተባለ በህጉ ሊጠየቅ አይችልም ተባለና ዙሪያውን ያለውን መሬት አገኙ፣ መሀሉን አላገኙም። ግቢውን ወስደህ ቤቱን ተው እንደማለት ነው።

ከዛ በ1983 ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ እንመልስላችኋለን አለ። መጀመሪያ በገባው ባለ 10 ነጥብ ቃል ውስጥ መውጣት ይከለከላል የሚል ነበረበት፣ መሬቱን መልሰው ለመንግስት በሊዝ የሚያከራዩትም ለ50 አመት ነበር የተባለው። ኡሉሩ ያለበት የኖርዘርን ቴሪቶሪ ክልል መንግስት አጥብቆ ተቃወመ፣ ቱሪዝም ይሞታል፣ አገር ተከፋፈለ ምናምን ተባለ፣ እና የመሬቱ ካርታ ሊሰጥ ሲል ቃሉ ተቀየረ፣ ሊዙ 99 አመት ይሁን፣ ቱሪስትም መውጣቱን ይቀጥል፣ አለበለዚያ የለም። ኦክቶበር 26 ቀን 1985 ትልቅ ስነስርአት ተደርጎ ካርታው ተሰጣቸው፣ እዛው ስነስርአት ላይ ደሞ መልሰው ለፓርኮች መስሪያ ቤት ለ99 አመት አከራዩ። በላያቸው ላይ አውሮፕላን "አየርስ ሮክ ለሁሉም አውስትራሊያዊ ነው" የሚል ባነር እየጎተተ ይዞር ነበር።

እኛ ሊዝ ስንል አከራዩ መንግስት ነው፣ ህዝቡ ተከራይ። እዚ ተገልብጦ መንግስት ተከራይ ሆኗል፣ ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ግን ተከራዩ ነው ለአከራዩ ደንብ የጻፈለት፣ በራችሁን ክፍት አድርጉ፣ ሰው ጣራችሁ ላይ ይወጣል ብሎ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሊዙ የሚያልቀው በ2084 ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው "ተሰጣቸው፣ ሁሉን ነገር ወሰዱት" ስል የነበረው፣ ያሳዝነኛል።

በሊዙ መሰረት ፓርኩን የሚመራው ቦርድ 12 አባል አለው፣ 8ቱ አናንጉ ናቸው፣ ስለዚ ብዙ አመት ፈጅቶም ቢሆን በህጉ መንገድ ነው የሄዱበት። አመታት ሙሉ መነሻው ላይ እባካችሁ አትውጡ የሚል ጽሁፍ ነበር፣ ከጽሁፉ አጠገብ ደሞ ሰው እንዲወጣ በ1964 የተተከለው የብረት ሰንሰለት ነበር። እህቴ ታስታውሰዋለች፣ "አንብቤዋለሁ፣ ግን ሰው ሁሉ ሲወጣ አየሁ፣ ሰንሰለቱም ስላለ የተፈቀደ ነው ብዬ ወጣሁ" ነው ያለችኝ። ትክክል ናት፣ ጽሁፉ አትውጡ ይላል ብረቱ ውጡ ይላል፣ ሰው ብረቱን ነው የሚሰማው። በ2010 የወጣው የፓርኩ እቅድ ከጎብኚው ውስጥ የሚወጣው ከ20 ፐርሰንት በታች ከሆነ መዘጋት ይቻላል አለ፣ ቁጥሩ ከዛ በታች ወረደ፣ በኖቬምበር 2017 ቦርዱ በሙሉ ድምጽ ወሰነ፣ ለመዝጋት ደሞ ሁለት አመት ያህል ጊዜ ሰጡ። የተዘጋው ኦክቶበር 26 ቀን 2019 ነው፣ ካርታውን ካገኙ ልክ 34 አመት ሲሞላቸው። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ የነበረውን ሰልፍ በቲቪ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ጉንዳን ይመስል ነበር። (አናንጉም ድሮ ጀምሮ ቱሪስቱን ሚንጋ ነው የሚሉት፣ ጉንዳን ማለት ነው።)

እሺ አሁን ወደ አገልግሎቱ። ከሁሉ በላይ የምመክራችሁ ከሬንጀር (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር የሚደረገውን የማላ ዎክ የሚባል የእግር ጉዞ ነው፣ በነጻ ነው፣ ሁለት ኪሎሜትር ነው፣ አንድ ሰአት ተኩል ይፈጃል፣ መንገዱ ሜዳ ነው ጋሪ የሚገፋም ሰው ይሄደዋል። ወጣት ሬንጀር ናት የወሰደችን፣ አትቸኩልም፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ማላ የምትባለው ትንሽዬ ካንጋሮ መሳይ እንስሳ ናት። በነሱ ጁኩርፓ (ህጋቸውም ታሪካቸውም ሀይማኖታቸውም በአንድ ላይ ነው፣ ለዚ ቃል አማርኛ አላገኘሁለትም) የጥንት አባቶቻቸው የማላ ሰዎች ከሰሜን መጥተው እዚ ስነስርአት ጀመሩ፣ ከወደ ምእራብ ሌሎች መጥተው የኛ በአል ላይ ኑ አሏቸው፣ የጀመርነውን አናቋርጥም ብለው እምቢ አሉ፣ የተናቁት ሰዎች ተናደው ኩርፓኝ የሚባል አስፈሪ ውሻ መሳይ መንፈስ ላኩባቸው። እኛ የምንሰማው ለህጻን የሚነገረውን ያህል ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ለሚገባው ሰው ብቻ ነው አለችን፣ አላፈረችበትም አልተቆጣችበትም፣ እንዲሁ ነገረችን።

ዋሻዎቹን አሳየችን። የአንዱ ግድግዳ ላይ በቀይ፣ በነጭና በቢጫ አፈር የተሳሉ ክቦችና ዱካዎች አሉ፣ ሽማግሌዎች ወንድ ልጆችን አደን የሚያስተምሩበት ነበር፣ ልክ እንደ ብላክቦርድ ስእሉ በስእል ላይ ተደራርቧል። ሌላው ሴቶች ምግብ የሚያዘጋጁበት ነው። ጣራው እንደ ማእበል የታጠፈ ነው፣ ስር ስትቆሙ ያ ሁሉ ሙቀት ድንገት ይጠፋል።

ከዛ ወደ ድንጋዩ አናት መውጫው የነበረበት ጋ ደረስን። ሰንሰለቱ ተነቅሏል፣ መስመሩ ግን አለ። ድንጋዩ ቀይ ነው፣ ዝገት የመሰለ ቀይ፣ በዛ ላይ ከታች እስከ ላይ ነጣ ያለ ጭረት ይታያል፣ እንደ ቆየ ጠባሳ። እህቴ ቆማ አየችውና "ያ ነጭ ነገር የኛ እግር ነው?" አለቻት። "አዎ፣ ጫማ ነው የፋቀው" አለች ሬንጀሯ። ከዛ ነገረችን፣ ያ መንገድ የማላ ወንዶች ለስነስርአቱ ሲደርሱ የወጡበት መንገድ ነው፣ ሰንሰለቱ የተተከለው ልክ እሱ ላይ ነው።

ለኛ ሰው ይሄን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ቅኔ ማህሌት ድረስ ግቡ ተብለን ተጋብዘን ቀጥታ መቅደስ ገብተን ፎቶ ተነስተን ወጥተናል። ያውም ከአመት አመት፣ በሰልፍ።

እህቴ ሌላም ጠየቀች፣ ሰው ሲወጣ ምን ይሰማችኋል ብላ። ሬንጀሯ ስለሞቱት ነው የመለሰችላት። ባለፉት አስርት አመታት ቢያንስ 37 ሰው እዛ መውጣት ላይ ሞቷል፣ ከፍታው 348 ሜትር ነው፣ ገደል ነው፣ ሙቀት አለ፣ ልብ ይቆማል። ሰው ሲሞት አናንጉ ያዝናሉ፣ በቤታቸው የሞተ እንግዳ ነው፣ ሀላፊነቱ የነሱ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። አትውጡ ሲሉ ስለ ክብር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ስለኛም ነበር የሚጨነቁት። እህቴ ከዛ በኋላ እስከ ካንትጁ ገደል ድረስ ዝም ብላ ነው የሄደችው፣ እኔም ምንም አላልኳትም።

ቀጥሎ የኩኒያ መንገድ አለ፣ አጭር ነው፣ ሙቲትጁሉ የሚባል ኩሬ ጋ ያደርሳችኋል። እዚ ጋ የዘንዶዋ ታሪክ ነው። ኩኒያ የምትባለው ዘንዶ የቅርብ ዘመዷን መርዛማዎቹ ሊሩ እባቦች ገደሉባት፣ በንዴት መጥታ የሊሩውን ተዋጊ በእንጨት ራሱን መታችው፣ ሁለቱ ምት ድንጋዩ ላይ ሁለት ስንጥቅ ሆነው ቀርተዋል። አሁን ስጽፈው ተረት ይመስላል፣ እዛ ቆማችሁ ስታዩት ግን አንዱ ስንጥቅ አጭር ነው ሁለተኛው ረጅምና ጥልቅ ነው፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሁለተኛው የምር እንደሆነ ይታያችኋል። ኩሬው ጋ ደሞ ጸጥታ አለ፣ በረሀ መሀል ውሀ፣ ሳር፣ ወፍ። ከላይ የሚዘንበው ዝናብ በድንጋዩ ወርዶ ነው እንዲህ ያሉ ኩሬዎች ውስጥ የሚገባው። አናቱ ላይ ሽንት ቤት የለም። በቀን ስንት መቶ ሰው ይወጣ ነበር፣ የቀረውን እናንተ አስቡት። ይቺን ሾፌራችን አልነገረንም።

ከልቸራል ሴንተሩ (የባህል ማእከሉ) የተከፈተው በ1995 ነው፣ ካርታው የተሰጠበት 10ኛ አመት ላይ፣ የኩኒያና የሊሩን ቅርጽ ይዞ በጭቃ ጡብ የተሰራ ነው። ጊዜ ስጡት። ውስጡ ማሩኩ የሚባል የአናንጉ የራሳቸው የእጅ ስራ ሱቅ አለ፣ ከእንጨት የተቀረጹ እንሽላሊቶች፣ ጎድጓዳ ሳህኖች አሉ፣ ጌጡን የሚሰሩት ሽቦ እሳት ላይ አግለው እንጨቱን እያቃጠሉ ነው፣ አፍንጫችሁን ብታስጠጉት የጭስ ሽታው አለ። ትንሽ እንሽላሊት ገዛሁ፣ ርካሽ አይደለም ግን አልከራከርኩም፣ ገንዘቡ የሚደርሰው ለሰራው ሰው ስለሆነ። ሌላ ልቤን የነካኝ ነገር ደሞ ሰዎች ለማስታወሻ ብለው ሰርቀው የወሰዱትን ድንጋይና አፈር ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ መልሰው ይልካሉ፣ ከአለም ዙሪያ ነው የሚመጣው።

ቅሬታዎቼ። አንደኛ፣ ከቅድሙ ሌላ የቱር ካምፓኒያችን ከልቸራል ሴንተር የሰጠን 40 ደቂቃ ነው፣ ለጸሀይ መጥለቂያው ፎቶ ግን ሁለት ሰአት ቆምን፣ ወይን ምናምን እየተቀዳ። ሁለተኛ፣ ሶስት ቀን ሙሉ ከሬንጀሯ ውጪ እዛ ያለው የቱሪስት ስራ ላይ ከአካባቢው ሰው ያናገርነው በጣም ጥቂት ነው፣ እንደ ኩሬው ሙቲትጁሉ የሚባለው መንደራቸው እዛው ፓርኩ ውስጥ ነው፣ እንግዳ ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ልክ ናቸው መኖሪያቸው ነው፣ ግን በስማቸው የሚንቀሳቀሰው ብር ሁሉ እነሱ ጋ ስራ ሆኖ ሲደርስ ማየት እፈልግ ነበር። ካርታ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ገቢው ላይ መቀመጥ ሌላ። ሶስተኛ ዝንቡ፣ የፊት መረብ ሳትይዙ እንዳትሄዱ፣ የምሬን ነው፣ አይን ውስጥ አፍ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሙቀቱም ቀልድ አይደለም። ካታ ትጁታ የሚባሉት ሌሎቹ ድንጋዮች ጋ ያለው የነፋስ ሸለቆ መንገድ ትንበያው 36 ዲግሪና ከዛ በላይ ከሆነ ከጠዋቱ 5 ሰአት (በፈረንጅ 11) ላይ ይዘጋል፣ እኛ ዘግይተን ደርሰን ተዘግቶ ነው የጠበቀን። ዙሪያውን መሄድ ከፈለጋችሁ 10.6 ኪሎሜትር ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ጀምሩ፣ ውሀ በብዛት ያዙ። አንዳንድ ቦታ ላይ ፎቶ አታንሱ የሚል ምልክት አለ፣ ያን ቦታ መልኩንና ዝርዝሩን ራሱ ለማይገባው ሰው ማሳየት ክልክል ነው ነገሩ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱት።

"መዘጋቱ ቱሪዝሙን ገደለው" የሚለውን ክርክር በተመለከተ፣ ከተዘጋ ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጣና አገር ምድሩ ተዘጋ፣ ስለዚ ቁጥር እየጠቀሰ ሁሉንም በአናንጉ ላይ የሚጭን ሰው ካያችሁ ይሄን አስታውሱት። ያየሁትን ልናገር ካላችሁኝ እኛ የሄድን ጊዜ ፓርኪንጉ ሙሉ ነበር፣ ማላ ዎክ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ሰው ነበርን፣ ከኮሪያ ከጀርመን ከሲድኒ፣ አንድም ሰው ለምን አንወጣም ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ኮከብ፦ ለፓርኩና ለማላ ዎክ 5፣ ለከልቸራል ሴንተር 5፣ ለእኛ ቱር ካምፓኒ 2 (ሁለቱም ለውሀውና ለምሳው ነው)። በቱር የምትሄዱ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፣ የሬንጀሩ ማላ ዎክ ፕሮግራሙ ውስጥ አለ ወይ፣ ከልቸራል ሴንተር ስንት ሰአት ነው የምንቆየው። ማላ ዎኩ እኛ ስንሄድ በበጋቸው ጠዋት 2 ሰአት፣ በክረምታቸው 4 ሰአት ላይ ነበር የሚነሳው፣ በኛ አቆጣጠር ነው ያልኩት፣ ማላ ካር ፓርክ ጋ ቀደም ብላችሁ ጠብቁ፣ ሬንጀሮቹ በሰአታቸው ነው የሚነሱት።